ከዓይናለም ስለሚነሣ መንገደኛ ዝግጅት የቀረበ ጥናት

በመቀሌ ደቡብ ምሥራቅ በኩል፣ ከአሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም ሳይርቅ፣ ዓይናለም የሚባል አካባቢ አለ። ሊቃውንት ስለ ዓይናለም ጽፈዋል፤ የጻፉት ግን ስለ ውኃው ነው። የመቀሌ የቧንቧ ውኃ በአብዛኛው ከዓይናለም ጥልቅ ጉድጓዶች ስለሚሳብ፣ የከርሰ ምድር ተመራማሪዎች ድንጋዩን ሰርስረው፣ የውኃውን ጥልቀት ለክተው፣ ካርታውን አንስተውለታል። ከመሬቱ በላይ የሚኖረው ሰው አዲስ አበባ ሊሄድ ሲነሣ ሻንጣውን ምን ሞልቶ፣ ምን ትቶ፣ ማንን ፈርቶ እንደሚያስር የመረመረ ግን አልተገኘም። ይህ ጽሑፍ ክፍተቱን ለመሙላት የቀረበ ነው።

ጥናቱ የተወሰነው በደሴ መስመር በሚጓዘው መንገደኛ ላይ ነው። ርቀቱ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። መንገዱ ከመቀሌ ከ2,200 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ይነሣና በአዲ ጉደምና በሕዋነ አድርጎ አምባ አላጀን ይወጣል። ማይጨውን፣ የሓሸንገን ሐይቅና ኮረምን ካለፈ በኋላ በግራካሕሱ ጠመዝማዛ አላማጣ ላይ ወደ 1,500 ሜትር ይወርዳል። ደሴ ላይ እንደገና ደገኛ ይሆናል፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ቆለኛ ይሆናል፣ ጣርማ በር ሲደርስ ከ3,000 ሜትር በላይ ወጥቶ ጉም ውስጥ ይገባል። እንዲህ ያለውን መንገድ የሚደፍር ሰው ሳይዘጋጅ አይነሣም፤ የዓይናለም ሰውም ይዘጋጃል፣ በሚያስደንቅ ትጋት ይዘጋጃል። ምርመራ የሚያስፈልገው ዝግጅቱ በማን ላይ ያነጣጠረ እንደሆነ ነው።

በአካባቢው ለመንገድ መሰናዳት የቆየ ሙያ ነው። ከትግራይ ደጋ ተነሥተው በአፋር ምድር ከባሕር ጠለል በታች ወዳለው የጨው ሜዳ የሚወርዱት አርሆዎች፣ ግመልና በቅሎ እየነዱ አሞሌ ሲያመላልሱ የኖሩት፣ ከዛሬው መንገደኛ በአንድ ነገር ይለያሉ፤ የሚሰናዱት ለመንገዱ ነበር። ለእንስሳቱ ሣር ጭነው ይወርዳሉ፤ ለመልሱ የሚበቃውን እያካፈሉ በየማደሪያው ያስቀምጣሉ። ውኃውን በቆዳ ስልቻ ይይዛሉ። ዳቦ ቢያምራቸው የጋለ ድንጋይ በሊጥ ጠቅልለው ብርኩታ ይጋግራሉ፤ ምጣድ መሸከም አያስፈልጋቸውም። ሙቀቱ ሲበረታ በሌሊት ይሄዳሉ። አርሆ ለግመሉ ሣር ሳይዝ፣ ታች ለሚጠብቀው ዘመድ ማር ይዞ ወረደ የሚል ታሪክ እስካሁን አልተሰማም።

አለመሰናዳት የሚያስከትለውን ለማወቅም ከመቀሌ መራቅ አያስፈልግም። በ1888 የጣሊያኑ ሜጀር ጋሊያኖ እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ ላይ መሽጎ ነበር። መድፍ ነበረው፣ ጥይት ነበረው፣ ግንቡም ጥሩ ነበር። ምንጩ ግን ከግንቡ ውጭ ቀረ። በእቴጌ ጣይቱ ምክር ነው የሚባለው የዘመቻ ሐሳብ ምንጩን አስያዘ፤ በጥር ወር ምሽጉ በውኃ ጥም ተለቀቀ። ዛሬ እንዳ ኢየሱስ ላይ የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ አለ። የጋሊያኖን ትምህርት ግን በይበልጥ የቀሰመው የከተማው ነዋሪ ይመስላል፤ የዓይናለም ጉድጓዶች በተራ ለሚያዳርሱት ውኃ በየቤቱ የተደረደረው ቢጫ ጀሪካን ምስክር ነው። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያለው ሰው አውቶቡስ ላይ ሲወጣ የሚይዘው ውኃ ግማሽ ሊትር ነው። ከዚያ በላይ ቢጠጣ መኪናው እስኪቆም የሚጠብቀውን ጣጣ ያውቃልና በዚህ አይፈረድበትም።

የአውቶቡሱ መንገደኛ ዝግጅት የሚጀምረው ከሻንጣው ሳይሆን ከወሬው ነው። አንድ ሰው ለአንድ ሰው ብቻ «ከነገ ወዲያ ልነሣ ነው» ካለ፣ በዚያው ማታ በር ይንኳኳል። የምትገባው ጎረቤት ብዙ ጊዜ በዕድሜ የገፋች ናት፤ አደይ ተብላ ትከበራለች፤ በእጇ በፌስታል ላይ ፌስታል የተደረበበት ነገር አለ። «ለልጄ ነው፤ ምንም አይከብድም፤ ትንሽ ናት» ትላለች። ትንሿ ዕቃ ስትመዘን አምስት ኪሎ በርበሬ ናት። ቀጥሎ ሽሮ ይመጣል። ጥሕኒ የሚባለው በሶ ይመጣል። ነጭ ማር በባልዲ፣ ክዳኑ በፕላስተር ታሽጎ ይመጣል። «ከመናኸሪያ ይቀበልሃል» የተባለ፣ ስልኩ የማይሠራ የአክስት ልጅም ይታከልበታል። እምቢ ማለት አይቻልም፤ የአደራ ዕቃ የሚመዘነው በኪሎ ሳይሆን በዝምድና ስለሆነ፣ የቅርብ ዘመድ ሃያ ኪሎ ከሩቅ ዘመድ ሁለት ኪሎ ይቀልላል።

በዚህ ሁኔታ የተሞላ ሻንጣ ሲፈተሽ አብዛኛው የመንገደኛው አለመሆኑ ይታወቃል። የራሱ የሆነው ከላይ የተደረበው ሕምባሻ፣ አንድ ቅያሪ ልብስና የስልክ ቻርጀር ነው። ሕምባሻውንም ቢሆን አጎራባች ወንበር ላይ ለተቀመጠው ሰው ቆርሶ «እንብላ» ማለት ስላለበት ሙሉ ባለቤት ነው ለማለት ያስቸግራል።

ጭነቱ በመንገድ ላይ የሚያሳየው ጠባይ ለፊዚክስ ተማሪ ጥሩ ትምህርት ነው። መንገዱ ወደ ታች በወረደ ቁጥር አየሩ በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይሞቃል። አምባ አላጀ ላይ የረጋው ማር አላማጣ ሲደርስ ይቀጥናል፤ ፕላስተሩም ላብ ይዞት ይላቀቃል። ጠርሙስ ደግሞ የሚታዘዘው ለአየር ግፊት ነው፤ ከደጋ ታሽጎ የወረደው ቆላ ላይ ይጨመደዳል፣ ቆላ ላይ ተከፍቶ የተዘጋው ጣርማ በር ሲወጣ ይነፋል። ጫናውን የማይችል ክዳን ያላት ቅቤ እዚያው ላይ ማንነቷን ለተሳፋሪው ሁሉ ታሳውቃለች። ጎማው ላይም ተመሳሳይ የሙቀትና የግፊት ሕግ ይሠራል፤ ሆኖም ከተሳፋሪው መካከል ወርዶ የጎማውን ጥርስ ያየ፣ ቅያሪው ጎማ ነፋስ እንዳለው የጠየቀ አልታየም። ማሩን ግን በየማረፊያው ወርደው ያዩታል።

በአገራችን የአውቶቡስ ሳይንስ እስካሁን ያልተፈታው ችግር መስኮት ነው። መኪናው ከአላማጣ እስከ ቆቦ ባለው ሜዳ በእኩለ ቀን ፀሐይ ሲጋገር፣ አንድ ደፋር ተሳፋሪ መስኮቱን አንድ ጣት ያህል ገፋ ያደርጋል። ወዲያው ከኋላ «ኧረ ንፋስ! ዝጋው!» የሚል ድምፅ ይነሣል። ነጠላ ይሳባል፣ ጋቢ ይጎተታል፣ ጆሮ በሻሽ ይታሰራል። የሜትሮሎጂ ባለሙያ ነፋስን በፍጥነቱ ይለካዋል፤ ተሳፋሪው ግን በገባበት ቀዳዳ ይለካዋል። ሜዳ ላይ የሚነፍሰው ጉዳት የለውም። በመስኮት ሾልኮ የገባው ግን ወገብ ይይዛል፣ አንገት ያጣምማል፣ ከዚያም አልፎ ፊት ያዞራል ተብሎ ይታመናል። የሳንባ ነቀርሳ በአየር እንደሚተላለፍና የተከፈተ መስኮት ስርጭቱን እንደሚቀንስ ሐኪሞች ሳይሰለቹ ተናግረዋል። በ2012 ኮቪድ ሲመጣ የሕዝብ ማመላለሻ መኪና ከመቀመጫው ግማሹን ብቻ እንዲጭን ተደረገ፤ ታሪፉም በእጥፍ ወጣ። ወንበሩ ባዶ ሆነ፣ ዋጋው ተወደደ፣ አፍ በጭምብል ተሸፈነ፤ መስኮቱ በአቋሙ ጸና።

ከተዘጋው መስኮት የሚወለደው ማቅለሽለሽ ነው። ምክንያቱ ይታወቃል። ዓይን የፊተኛውን ወንበር ጀርባ እያየ «ቆመናል» ይላል፤ የውስጥ ጆሮ ደግሞ የግራካሕሱን ኩርባ እየቆጠረ «እየዞርን ነው» ይላል፤ አንጎል በሁለቱ መካከል ሽምግልና ተቀምጦ ፍርዱን ለሆድ ያስተላልፋል። ንጹሕ አየር መሳብ፣ ከፊት መቀመጥና አሻግሮ ማየት እንደሚረዳም ይታወቃል። በአውቶቡሱ ውስጥ ያለው ልማዳዊ ሕክምና ግን ሌላ መንገድ ይከተላል። ሎሚ ይሸተታል፣ ማስቲካ ይታኘካል፣ መጋረጃው ይሳባል፣ ጋቢው እስከ አፍንጫ ይደርሳል። ይህ ሁሉ ሳይሠራ ሲቀር ረዳቱ ፌስታል ያቀብላል። አገልግሎቷን የጨረሰች ፌስታል የምትወጣው በመስኮት ነው፤ ያለ አንዳች ተቃውሞ መስኮት የሚከፈትበት ሌላ አጋጣሚ በዚህ ጥናት አልተመዘገበም።

ወደ ሹፌሩ መስታወት እንለፍ። የፊት መስታወት የተሠራው መንገድ ለማየት ነው የሚል አስተያየት በአምራቾቹ ዘንድ አለ። በሥራ ላይ ሲታይ ግን የሰነድ ማስቀመጫ ነው። ቦሎው መኪናው በዓመት አንዴ መመርመሩን ይመሰክራል። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የታዘዘው የሦስተኛ ወገን መድን ተለጣፊ፣ ከተመረመረው መኪና አደጋ ቢመጣ ለተጎዳው ሰው የሚከፍል መኖሩን ይገልጻል። ከሁለቱ በላይ ደግሞ ምስለ ፍቁር ወልዳ፣ ሰይፉን የመዘዘ ቅዱስ ሚካኤልና ዘንዶውን የረገጠ ቅዱስ ጊዮርጊስ ይለጠፋሉ፤ አንዳንዱ መኪና ላይ የሰው ሠራሽ አበባ ሐረግና የአርሰናል አርማ ይጨመራሉ። መንግሥት፣ መድን ድርጅትና ሰማይ በአንድ መስታወት ላይ ተቀናጅተው የሚሠሩበት ሌላ መሥሪያ ቤት ማግኘት ያዳግታል። ለመንገዱ የቀረችው ከመሪው በላይ ያለች ክፍተት ናት። ሹፌሩ በእሷ አጎንብሶ ያያል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲያልፍም አንድ እጁን ከመሪው አንስቶ ያማትባል።

የደህንነት ቀበቶ ሌላው ምዕራፍ ነው። በሚገባ የታሰረ ቀበቶ የተሳፋሪን የሞት አደጋ እስከ ግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ይኸው ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ላይ 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ እንደሞተ ይገምታል። በአገራችንም የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቀበቶ አለማሰርንና እየነዱ በእጅ ስልክ ማውራትን በጥፋትነት ይዟቸዋል። ደንቡ ውጤት አላመጣም የሚል ተሳስቷል፤ ከፊት የሚቀመጥ ተሳፋሪ በሙሉ ትራፊክ ፖሊስ ከሩቅ ማየትን ተለማምዷል። ነጭ ባርኔጣ ብቅ ስትል ቀበቶው ይሳባል፣ ደረት ላይ ይጋደማል፣ ጫፉም በእጅ ተጨብጦ ጭን ሥር ይደበቃል። ማሰሪያው ከተሰበረ ዘመን ስላለፈው ከዚህ በላይ ማድረግም አይቻልም። ከኋላ ደግሞ ትርፍ የተጫኑት «ጎንበስ በሉ» ይባላሉ፤ ሽማግሌ ከወጣቱ እኩል ይጎነበሳል፣ ሳቅም ይታፈናል። ኬላው ሲታለፍ ቀበቶው ይለቀቃል፣ ሕዝቡም ቀና ይላል። ፖሊሱ ከዚህ መኪና ጋር የመጋጨት ሐሳብ ባይኖረውም፣ በመስመሩ ሁሉ ከባድ ጥንቃቄ የሚደረግለት ግንባር እሱ ነው።

ግራካሕሱ ከቀልድ ትንሽ ገታ ያደርጋል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን ሰንጥቀው ያወጡት ጠመዝማዛ ዛሬም መስመሩን ይዞ አለ፤ የጫነ መኪና በላዩ ሲወርድ ክብደቱ የሚሰጠው ጉልበት በሙሉ ወደ ሙቀት መለወጥ አለበት። ሹፌሩ በፍሬን ብቻ ከተማመነ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፤ ሲግል መያዙ ይደክማል፤ ሲደክም እግር ይበልጥ ይጫናል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ይበልጥ ይግላል። ስለዚህ የቆዩ ሹፌሮች ዳገቱን ሊወጡበት በሚችሉት ከባድ ማርሽ ቁልቁለቱን ይወርዳሉ፤ ሞተሩ እያጓራ መኪናውን ይይዝላቸዋል። ተሳፋሪ ይህን ጩኸት ሲሰማ ይማረራል። «ምን ሆኖ ነው የሚጎተተው?» ይላል። ማርሹን ነፃ አድርጎ፣ ነዳጅ ቆጠብኩ ብሎ፣ በዝምታ የሚለቀው ሹፌር «እጁ የተባረከ ነው» ተብሎ ይመሰገናል። በአማካይ ፍጥነት ላይ የሚጨመር እያንዳንዱ 1 በመቶ የገዳይ ግጭትን ዕድል በ4 በመቶ ገደማ እንደሚያሳድግ የሚያስረዱ ቀመሮች አሉ፤ የምስጋናው ቀመር ግን ገና አልወጣም።

መኪና ሲበላሽ የሚደረገው ነገር ከዓለም አቀፍ ልምድ ጋር ሲተያይ አረንጓዴ ነው ማለት ይቻላል። አንጸባራቂው ሦስት ማዕዘን መኪናው ውስጥ አለ፤ ከነማሸጊያው ስለሆነ ግን አይነካም። በምትኩ ረዳቱ ወርዶ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ ይዘነጥፋል፣ ከኋላና ከፊት አስፋልቱ ላይ ይጥላል፣ ድንጋይም ይደረድራል፣ ለጎማውም ታኮ ያደርጋል። ምልክቱን ከዛላምበሳ እስከ ሞያሌ ያለ ሹፌር ሁሉ ያነበዋል። ችግሩ የሚመጣው ከጥገናው በኋላ ነው። ክሪኩ ይነሣል፣ መፍቻው ይሰበሰባል፣ «ሳፋ፣ ሳፋ» ተብሎ ይሄዳል፤ ድንጋዩ ግን እዚያው ይቀራል። ማታ ሌላ መኪና መጥቶ ይወጣበታል። እሱም ይበላሽና ቅርንጫፍ ይቆርጣል፣ የራሱን ድንጋይ ይደረድራል። የአገሪቱን የደን መመናመን የሚያጠኑ ሰዎች ይህን ዘርፍ ለምን እንደዘለሉት ግልጽ አይደለም።

ጥናቱ ከጥቅምት 25 ቀን 2013 በኋላ ያለውን ጊዜ በዚህ አነጋገር ሊመረምረው አይችልም። ጦርነት ሆነ፤ መንገዱ ተዘጋ፤ ስልክና ባንክ ተቋረጠ። ያ ሁሉ በርበሬና ሽሮ ይወጣበት የነበረ ቤት ራሱ የሚላክለት አጣ። የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ተፈረመ፤ ታኅሣሥ 19 ቀን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ መቀሌ እንደገና በረረ። ከዓይናለም ወዲህ ባለው ሜዳ ላይ የወረዱት ሰዎች ሻንጣቸውን ከመጠየቃቸው በፊት ሰው ጠየቁ። መንገዱ ሲከፈት በዝግጅቱ ዝርዝር ላይ የተጨመረው አንድ ነገር ነው፤ መታወቂያ። ዋናው በደረት ኪስ፣ ኮፒው በቦርሳ፣ ፎቶው በስልክ ይያዛል። ሕምባሻው አሁንም ከላይ ነው፤ መታወቂያው ግን ከሕምባሻው ይቀድማል።

የቀረው የሹፌሩ ጉዳይ ነው። በአውቶቡሱ ውስጥ የአደራ ዕቃ የሌለው፣ ሎሚ የማይሸት፣ ጋቢ ያልተከናነበ ሰው እሱ ብቻ ነው። ለ17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው ንቃቱና የእጁ ቅልጥፍና፣ በብዙ አገሮች መንዳት የሚያስከለክለውን ያህል አልኮል ከጠጣ ሰው ጋር እንደሚስተካከል በላቦራቶሪ ተፈትሾ ታውቋል። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነሥቶ መኪናውን ያሞቀ ሹፌር 17ኛዋን ሰዓት የሚሞላው ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። መንገድ ላይ አንድ ጎማና አንድ ረጅም ኬላ ካጋጠመው፣ ያን ጊዜ ገና የጣርማ በርን ጉም እየሰነጠቀ ሊሆን ይችላል። ትናንት ማታ ስንት ሰዓት ተኛ ብሎ የሚጠይቀው ተሳፋሪ የለም። ቆሎ ይዘግኑለታል፣ ማስቲካ ልጠው ይሰጡታል፣ ጉንጩ በጫት ማበጡን አይተው እንዳላዩ ይሆናሉ። አጠገቡ የተቀመጠው «እንዳይተኛ አጫውተው» ተብሎ አደራ ይሰጠዋል፤ እሱ ራሱ ደብረ ሲና ሳይደርስ ያንኮራፋል።

ጥያቄ የሚባል ነገር ከመጣ የሚመጣው ከደብረ ብርሃን በኋላ ነው። ስልኮች መጮህ ይጀምራሉ። በርበሬውንና ማሩን ሊቀበሉ የወጡ ሰዎች አዲስ አበባ መገናኛ ላይ ቆመው ብርድ መትቷቸዋል። አንዱ ተሳፋሪ ስልኩን ከጆሮው ሳያነሣ ወደ ፊት አንገቱን ያሰግግና «ወንድሜ፣ ስንት ሰዓት እንገባለን?» ይላል። ሹፌሩ ቃል አይመልስም፤ መልሱን በቀኝ እግሩ ይሰጣል።